ፈተናውን የሚያልፈው ዓይን

ስድስት ሜትር ርቆ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ እያየ፣ ባለ ሦስት እግሯ ምልክት ወዴት እንደዞረች በእጁ እያመለከተ እስከ መጨረሻው መስመር የወረደ ልጅ «ዓይኑ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ወላጅም አስተማሪም እፎይ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ያው ልጅ ግንባሩን ይዞ ራሴን አመመኝ ይላል። ማንበብ ሲጀምር ዓይኑን ያሻል፣ መስመር ይዘላል፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳይደርስ መጽሐፉን ይዘጋል። «ሰነፍ» የሚለው ስም የሚለጠፍበትም ያኔ ነው። ከዕይታ ጉድለቶች መካከል እንዲህ ምርመራውን እያለፈ ሰውን ለዓመታት የሚያደክመው፣ የሩቁን አጥርቶ እያየ በቅርቡ የሚቸገረው ዓይን ነው፤ ሐኪሞች ሃይፐሮፒያ ይሉታል።

ጉዳዩን አዲስ አበባ ካለው የሰሚት ሰፈር ተነስቼ ማየት የፈለግኩት በምክንያት ነው። በሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ብዙ ቤት ውስጥ አያት፣ ወላጅና ተማሪ ልጅ አብረው ይኖራሉ። ከሕንፃዎቹ ሥር ባሉት ሱቆች ልብስ ሰፊው፣ ሞባይል ጠጋኙ፣ ጸጉር ሠሪዋ ሙሉ ቀን እጃቸው ሥር ያለውን ሲያዩ ይውላሉ። ከሰፈሩ ብዙም በማይርቀው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች በልብስ ስፌት ይተዳደራሉ። በቅርቡ የሚደክም ዓይን በልጅነት፣ በጉልምስናና በእርጅና የሚያመጣው ጣጣ በዚህ ሰፈር ጎን ለጎን ይታያል።

የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ብርሃን መጀመሪያ ኮርኒያ የሚባለውን ጥርት ያለ የፊት ሽፋን፣ ቀጥሎ ከብሌኑ ጀርባ ያለውን ሌንስ እያለፈ ታጥፎ ከኋላ ባለው ሬቲና ላይ መሰብሰብ አለበት። ከዚህ የማጠፍ ሥራ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚሠራው ኮርኒያ ነው። ዓይኑ አጠር ብሎ ከተፈጠረ፣ ወይም ኮርኒያው ዝርግ ከሆነ፣ ብርሃኑ ሬቲና ላይ ሲደርስ ገና ተሰብስቦ አላለቀም፤ ምስሉ ይደበዝዛል። የዓይን ርዝመት በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲያጥር ጉድለቱ በሌንስ ኃይል መለኪያ 3 ዳዮፕተር ገደማ ይሆናል። መነጽር ቤት «ፕላስ 3» ሲሉ የሚሰማው ይኸው ነው። «ማይነስ» የሚባለው የተገላቢጦሹ፣ የረዘመው ዓይን ነው።

ሲወለድ የሕፃን ዓይን ከ16 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አብዛኛው ሕፃን ወደ ዓለም የሚመጣው ፕላስ 2 አካባቢ የሆነ ጉድለት ይዞ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ዓይኑ እየረዘመ፣ ኮርኒያውና ሌንሱም አብረው እየተስተካከሉ ጉድለቱ ይጠባል። የጥቂቶቹ ግን አይጠብም፤ ፕላስ 4፣ ፕላስ 5 ይዘው ትምህርት ቤት የሚገቡ አሉ። በቤተሰብ ስለሚወረስ በአንድ ቤት ሁለትና ሦስት ልጆች ላይ ሊገኝ ይችላል። የወላጅ ጥፋት የለበትም፤ በእርግዝና ወቅት የተበላ ወይም ያልተበላ ምግብ፣ የታየ ቴሌቪዥን አላመጣውም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚሰወረው። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ በዙሪያው ባለ ጡንቻ አማካይነት ይወፍራል፣ ይሳሳል። ቅርብ ለማየት የሚያስችለን ይህ የሌንሱ ለውጥ መሆኑን እንግሊዛዊው ቶማስ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1801 አሳይቷል። ጤናማ ዓይን ሩቅ ሲያይ ይህ ጡንቻ ያርፋል። አጭር ዓይን ግን ሩቁንም ለማየት ጡንቻውን ማሠራት አለበት፣ ቅርቡን ለማየት ደግሞ በዚያው ላይ ይጨምራል፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪተኛ ድረስ ዕረፍት የለውም። ውኃ በጠፋ ሳምንት ጄሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ለሚወጣ ወጣት የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ምንም አይደሉም፤ ታች ቆሞ ያየው ሰው «ይችላል» ብሎ ይፈርዳል፣ ክንዱ የሚዝለው ላይ ሲደርስ ነው። የልጅ ዓይንም ሰሌዳው ፊት ለሁለት ደቂቃ ሸክሙን ይችላል። የሚዝለው አርባ ደቂቃ ካነበበ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ መርማሪው አጠገቡ የለም።

ይህን ለይቶ በግልጽ ያስቀመጠው በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ሐኪም የነበረው ፍራንሲስከስ ዶንደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ፣ ከትውልድ የመጣውን የአጭር ዓይን ጉድለትና በዕድሜ ምክንያት የሚመጣውን የሌንስ መድረቅ ለያይቶ አስረዳ። ከእሱ በፊት ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ይታዩ ነበር። ከ160 ዓመት በኋላም ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ «ፕላስ መነጽር የሽማግሌ ነው» የሚለው አነጋገር የዚያ ቅሪት ይመስለኛል። ለስድስት ዓመት ልጅ ፕላስ ሲታዘዝ የሚደነግጥ ወላጅ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ልጆቹ ላይ ልቆይ፤ ጉዳቱ የሚከፋው እነሱ ላይ ነውና። አነስተኛ የሆነ ጉድለት፣ ፕላስ 1 ወይም 2፣ ያለበት ልጅ ዓይኑ ቀጥ ያለና ንባቡ ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ መነጽር አያስፈልገውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ መነጽር ለመሸጥ የሚቸኩል ሰው ካለ ሌላ ሐኪም መጠየቅ ተገቢ ነው። ከፕላስ 3 ሲያልፍ ግን ሁኔታው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ከፕላስ 3 እስከ ፕላስ 6 ድረስ ጉድለት ያለባቸውን መነጽር ያላደረጉ የ4 እና የ5 ዓመት ሕፃናት ከእኩዮቻቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። ልጆቹ ፊደልና የተጻፈ ነገር በማወቅ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ፤ በተለይም ከፕላስ 4 በላይ የሆኑትና በቅርብ የማየት አቅማቸው የቀነሰው። ገና አንደኛ ክፍል ሳይገቡ ማለት ነው።

በእኛ ፊደል ይህ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሰብ መጽሐፍ መግለጥ ይበቃል። «ሉ» እና «ሊ» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው፤ አንዷ ወገቡ ላይ፣ ሌላዋ እግሩ ላይ። «ቡ» እና «ቢ»ም እንዲሁ። ምስሉ በጥቂቱ ሲደበዝዝ ቅጥያዋ የት ላይ እንዳለች መለየት ያቅታል። ልጁ ካዕቡን ሣልስ አድርጎ ሲያነብ አስተማሪው ፊደል አልያዘም ይለዋል፤ ያው ልጅ ፊደል ገበታውን ከግድግዳ ላይ በትልቁ ሲያየው አንድም አይስትም። ግድግዳ ላይ አንብቦ መጽሐፍ ላይ የሚሳሳት ልጅ ካጋጠማችሁ፣ ከቁጣና ከአርጩሜ በፊት ዓይኑ ይታይለት።

ከንባቡ የሚበልጠው አደጋ የዓይን መዞር ነው። ዓይን ቅርብ ለማየት ሲጨነቅ ሁለቱ ዓይኖች ወደ አፍንጫ አቅጣጫ አብረው ይሰበሰባሉ፤ የተፈጥሮ ትስስር ነው። አጭር ዓይን ያለው ሕፃን ከልክ በላይ ሲጨነቅ መሰብሰቡም ከልክ ያልፍና አንዱ ዓይን ወደ ውስጥ ይዞራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በ2 እና በ3 ዓመት ላይ ነው። መጀመሪያ ሕፃኑ ሲደክመው ወይም መጫወቻውን አቅርቦ ሲያይ ብልጭ ይልና ይጠፋል፤ እየቆየ ይዘወትራል። ሰፈር ውስጥ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚል መካሪ አይጠፋም። አንዳንዱ ከትኩሳት፣ አንዳንዱ ከመውደቅ፣ አንዳንዱ ከሰው ዓይን ያገናኘዋል። ልጁ ደግሞ «ሸውራራ» የሚል ስም ያተርፋል፤ ይህን ቃል በልጅ ላይ የሚጥል አዋቂ ምን ያህል እንደሚጎዳው ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ስሙ የሚያቆስለው ልቡን ነው። ከውስጥ ሌላ ጉዳት ይከተላል። አንጎል ሁለት የተለያየ ምስል ሲደርሰው የዞረውን ዓይን መልእክት መቀበል ያቆማል። ዓይኑ ጤናማ ሆኖ ሳለ ማየት አይማርም። አንዱ ዓይን ፕላስ 1፣ ሌላው ፕላስ 4 ከሆነም ያው ይደርሳል፤ እንዲያውም በዚህ ጊዜ ዓይኑ ስለማይዞር ማንም ምንም አያይም፤ ልጁ በአንድ ዓይኑ እየኖረ መሆኑን ራሱም አያውቅም። ሕክምናው የተሻለ የሚሠራው ከ7 ዓመት በፊት ነው። ሙሉ ቁጥሩን የያዘ መነጽር ይታዘዛል፣ ካስፈለገም ደህናው ዓይን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ይሸፈናል፤ ከ7 ዓመት በኋላም ቢሆን የሚሻሻል ልጅ ስላለ ተስፋ አይቆረጥም። በመጨነቅ ብቻ የመጣ መዞር ከሆነ መነጽሩን ያደረገ ልጅ ዓይኖቹ ቀጥ ይላሉ፤ ያለ ቀዶ ሕክምና። መነጽሩን ሲያወልቅ ተመልሰው ይዞራሉ። ብዙ ወላጅ የሚደናገጠውና «መነጽሩ ነው ያበላሸው» ብሎ የሚወስነው እዚህ ላይ ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ መነጽሩ የወሰደለትን ሸክም ዓይኑ እንደገና አነሳው፣ መዞሩም ከሸክሙ ጋር ተመለሰ።

መነጽር ዓይንን ያሰንፋል፣ «ያስለምዳል» የሚለው እምነት በዚህች ከተማ የማይሰማበት ቤት የለም። ለአጭር ዓይን ይህ እምነት ጉዳት ያመጣል። መነጽሩ ዓይኑን አያሳጥረውም፣ አያረዝመውም፤ ሲያደርጉት ይሠራል፣ ሲያወልቁት ሥራው ይቆማል። ከጊዜ በኋላ «ያለሱ ማየት አቃተኝ» የሚል ሰው እንዲህ የሚለው፣ ለዓመታት ሲጨነቅ የኖረው ጡንቻ ስላረፈ ቀድሞ የማይሰማውን ድካም አሁን ስለለየው ነው። ሴት ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ የመልክ ጉዳይ ይጨመርበታል፤ «ማን ያገባታል» እየተባለ መነጽሯ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ምርመራው ራሱም መስተካከል አለበት። በየመነጽር ቤቱ «በኮምፒውተር የዓይን ምርመራ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ለአዋቂም ፈጣን መነሻ ይሰጣል። ልጅ ግን ወደ መሣሪያው ሲመለከት ቅርብ ያለ ነገር የሚያይ ስለሚመስለው ሌንሱን ያወፍራል። በዚህ ምክንያት ፕላስ 4 የሆነው ልጅ ፕላስ 1፣ ከዚያም አልፎ ማይነስ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ቁጥር ማይነስ መነጽር ከተሠራለት ሸክሙ ላይ ሸክም ተጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ የልጅ ዓይን ሲለካ ጡንቻውን ለጊዜው የሚያዝናና ጠብታ፣ ሳይክሎፔንቶሌት ወይም አትሮፒን፣ ይደረጋል። ጠብታው ብሌኑን ያሰፋዋል፤ በሳይክሎፔንቶሌት ለአንድ ቀን ያህል ቅርብ ማየት ይደበዝዛል፣ ፀሐይ ያስቸግራል፤ አትሮፒን ከሆነ ለቀናት ይቆያል። ያልፋል። የራስ ምታት ወይም የዞረ ዓይን ይዞ የመጣ ልጅ ያለ ጠብታ ተለክቶ መነጽር ከተሰጠው ወላጅ «ጠብታ አይደረግለትም?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ጠብታ ለትምህርት ቤት ምርመራ አይመችም። ለትምህርት ቤት የሚሆን ቀላል ዘዴ አለ። ልጁ የሩቁን ሰሌዳ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ፕላስ 2 ሌንስ ያለው መነጽር አድርጎ እንደገና እንዲያነብ ይደረጋል። ጤናማ ዓይን በዚህ መነጽር ሩቁ ይደበዝዝበታል። ያለ ችግር ማንበቡን ከቀጠለ፣ ዓይኑ ያንን ሌንስ ሲፈልገው ኖሯል ማለት ነው፤ ወደ ሐኪም ይላካል። አንድ መነጽርና አንድ ተጨማሪ ደቂቃ ነው የሚጠይቀው። በሰሚትና በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ የግልም የመንግሥትም፣ ሰሌዳውን ከሰቀሉ አይቀር ይህን ቢጨምሩ ስንት «ሰነፍ» ነጻ በወጣ።

አሁን ወደ ቦሌ ለሚ ልለፍ። ፓርኩ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ሲሆን መንግሥት ከገነባቸው የኢንዱስትሪ ፓርኮች የመጀመሪያው ነው። ሠራተኞቹ በአብዛኛው በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ሴቶች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ስለ ቅርብ ዕይታ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ወጣት ናቸውና። ዶንደርስ የተወው ሰንጠረዥ ግን ሌላ ይነግረናል። የሌንስ የመጨነቅ አቅም በ20 ዓመት 10 ዳዮፕተር ያህል፣ በ30 ዓመት 7፣ በ40 ዓመት 4.5፣ በ50 ዓመት 2.5 ነው። ሰው ያለ ድካም ለረጅም ሰዓት ሊሠራበት የሚችለው ካለው ግማሹን ነው ይባላል። ስፌት ላይ ያለች ልጅ ጨርቁን በ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ለማየት 2.5 ያስፈልጋታል። ፕላስ 3 ከሆነች 3 ይጨመርበታል፤ 5.5 ሆነ። በ20 ዓመቷ ካላት አቅም ግማሹ 5 ነው፤ ጥቂት አልፋለች፣ ማታ ማታ ግንባሯን ያማታል። በ30 ዓመቷ ግማሹ 3.5 ሲሆን ቀን ተሌት መታገል ይሆናል። ሌላው ሰው በ45 ዓመቱ የሚያማርረውን እሷ በ30 ዓመቷ ታማርራለች፤ መርፌው ላይ ክር ለማስገባት ደጋግማ ትሞክራለች፣ የስፌቱ መስመር ይጣመማል፣ ምርቷ ይቀንሳል። «ከመሥሪያ ቤቱ መብራት ነው»፣ «ከጨርቁ ብናኝ ነው» ይባላል። ብናኙም መብራቱም የራሳቸው ጣጣ ይኖራቸዋል፤ ዓይኑ ግን መለካት አለበት።

እንዲህ ያለው ነገር ገቢን እንደሚነካ የተረጋገጠ ነው። በሕንድ አሳም ክልል ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆኑ 751 የሻይ ቅጠል ለቃሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ነበር። የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች የለቀማ መጠን መነጽር ካልተሰጣቸው በ21.7 በመቶ በልጦ አደገ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የባንግላዴሽ ጥናት ደግሞ ልብስ ሰፊዎችን፣ የእጅ ባለሙያዎችንና ሌሎችንም የያዘ ሲሆን፣ በ8 ወር ውስጥ መነጽር ያገኙት ሰዎች ገቢ ካላገኙት በ33.4 በመቶ በልጧል። ያንን ያደረገው ሥልጠና ወይም አዲስ ማሽን አልነበረም፤ ርካሽ የንባብ መነጽር ነው።

እነዚህ ጥናቶች ያተኮሩት በሁለተኛው ጉዳይ፣ በዕድሜ ዕይታ ላይ ነው፤ ሐኪሞች ፕሬስባዮፒያ ይሉታል። ከልጅነት ጀምሮ ሌንሱ ቀስ በቀስ እየደረቀ ይሄዳል፤ ከ40 ዓመት በኋላ በተለመደው የንባብ ርቀት መወፈር ያቅተዋል። ሀብታም፣ ድሃ፣ የተማረ፣ ያልተማረ አይልም። ባለ አጭር ዓይን ቀድሞ ይሰማዋል፣ ማይነስ ያለበት ደግሞ መነጽሩን አውልቆ ያነባል። በገጠር ታንዛኒያ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑ ሰዎች 61.7 በመቶው ላይ እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የዕይታ ሪፖርት፣ መነጽር ባለማግኘት ብቻ በቅርብ ማየት የተሳናቸው ሰዎች 826 ሚሊዮን ናቸው።

በሰሚት መልኩ ብዙ ነው። ዳዊት የሚደግሙ አባት መጽሐፉን ክንዳቸው እስከሚችለው ያርቁታል፤ የሚያስቸግራቸውን ቦታ ከልጅነታቸው በቃል ስለያዙት ይሞሉታል። እናት ምስር ለመልቀም በረንዳ ላይ ብርሃን ፍለጋ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ ገንዘብ በስልክ ስለሚላክ፣ ቁጥሩን አስተካክሎ ማየት የገንዘብ ጉዳይ ሆኗል። እማማ ስልካቸውን ለጎረቤት ልጅ ሰጥተው «እስቲ አንተ ላክልኝ» ሲሉ የሚስጥር ቁጥራቸውንም አብረው ይሰጣሉ። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ የሚሄድ የ50 ዓመት ሾፌር የሩቁን ሰሌዳ አንብቦ ያልፋል፤ መንገድ ላይ ግን የጥሪ መተግበሪያውን ካርታና የዳሽቦርዱን ቁጥር ለማየት ራሱን ወደ ኋላ ይስባል። የሩቅ ፈተና ያሳለፈው እሱንም ነው።

መነጽር ሲፈጠር መጀመሪያ የተሠራው ለዚህ ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1286 አካባቢ ጣሊያን ውስጥ፣ ፒሳ አካባቢ፣ የታዩት የመጀመሪያ መነጽሮች ወጣ ያለ መስታወት የነበራቸው፣ ለንባብ የሚሆኑ ነበሩ። ዛሬ ያው መነጽር ሱቅ በደረቴው ደረት ላይ ከቻርጀርና ከካልሲ ጋር ተሰቅሎ ይሸጣል። ሐኪሞች ይህን መነጽር ሰዎች እንደሚያስቡት ያህል የሚያወግዙት አይመስለኝም። ሁለት ዓይኑ እኩል የሆነ፣ ሩቁን ደህና የሚያይ፣ ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ፕላስ 1 ከሃምሳ ገዝቶ ጋዜጣ ቢያነብበት ዓይኑን አይጎዳውም። ሁለቱ ዓይኖች የተለያየ ቁጥር ካላቸው፣ ወይም ሩቁም ከደበዘዘ ግን አይሆንም። ለልጅ ደግሞ በፍጹም አይሆንም።

የእኔ ስጋት ሌላ ነው። መነጽሩን ከመንገድ የገዛ ሰው ዓይኑን ለማንም ሳያሳይ ሃያ ዓመት ይኖራል። ዕይታን የሚያጠፋው ግላኮማ ያለ ሕመም የሚገባው በዚያ ዕድሜ ነው። አጭር ዓይን ያለው ሰው ደግሞ በዓይኑ የፊት ክፍል ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ የውስጡ ፈሳሽ መውጫ በድንገት ሊዘጋበት ይችላል። ዓይን ቀልቶ በኃይል ከታመመ፣ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ከታየ፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ከተከተለ፣ ያ በዚያው ዕለት ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው፤ ማይግሬን ነው ብሎ መተኛት ዓይንን ያሳጣል። የስኳር ሕመምተኛም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ስኳሩ ሲወጣና ሲወርድ ሌንሱ ስለሚለዋወጥ በተለይ መድኃኒት በጀመረባቸው ሳምንታት ፕላስ ሊጨምር ይችላል፤ ስኳሩ እስኪረጋጋ መነጽር ባያሠራ ገንዘቡ ይተርፈዋል። «በስተርጅና ዓይኔ ታደሰ፣ ያለ መነጽር ማንበብ ጀመርኩ» የሚሉ እናት ወይም አባት ካሉም ደስታው ሳይቀዘቅዝ ይመርመሩ፤ ሌንሱ ውስጥ የዓይን ሞራ መጠንከር ሲጀምር ቁጥሩን ወደ ማይነስ ይገፋዋልና።

ስለ አማራጮቹ ብዙ አልልም። ባይፎካልና ፕሮግረሲቭ ሌንስ ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ ፍሬም ያጣምራሉ። የሌዘር ሕክምና ለፕላስ የሚሠራው በተወሰነ መጠን ነው፣ ለማይነስ እንደሚሠራው አመርቂ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 ለዕድሜ ዕይታ የተፈቀደ የፒሎካርፒን ጠብታ አለ፤ ብሌኑን አጥብቦ ለጥቂት ሰዓታት ይረዳል። የዓይን ስፖርት ወይም ካሮት አጭር ዓይንን ሲያስረዝም አልታየም።

አገር አቀፍ ቁጥር ስንፈልግ የምናገኘው እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 የተካሄደውን ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት፣ የዝቅተኛ ዕይታና የትራኮማ ዳሰሳ ነው። ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ዝቅተኛ ዕይታ ያለበት ሆኖ ተገኘ። በመነጽር ሊስተካከል የሚችል ጉድለት ለዝቅተኛ ዕይታ 33.4 በመቶ ድርሻ ነበረው፤ ከዓይን ሞራ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። ከፍተኛ ቁጥር ነው፤ ሆኖም እነዚህ ሁለት ምድቦች የሚለኩት በሩቅ ዕይታ ነው። ሰሌዳውን አንብቦ ያለፈ፣ መጽሐፍ ላይ ግን የሚንገላታ ሰው እዚያ ውስጥ አልተቆጠረም። ዓለም ራሱ የቅርብ ዕይታን በራሱ ምድብ ያስገባው በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ላይ ነው፤ የወጣውም እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ የመነጽር ተደራሽነት እስከ 2030 በ40 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ግብ አስቀመጠ።

እዚህ ያለው አቅም ከቀድሞው ተሻሽሏል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪስቶችን በዲግሪ ያሠለጥናል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ለአዲስ አበባና ለአገሩ ዋና የዓይን ሕክምና ማዕከል ሆኖ ቆይቷል፤ ከሰሚት በመገናኛ በኩል ይደረስበታል። የግል ክሊኒኮችና መነጽር ቤቶችም በየአስፋልቱ አሉ። ችግሩ ያለው ክፍያው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ብዙ ሕክምና ይሸፍናል፣ መነጽርን ግን ከሰው ሠራሽ ጥርስና ከውበት ቀዶ ሕክምና ጋር ከሽፋኑ ውጭ አድርጎታል። ለፕላስ 5 ልጅ መነጽር መድኃኒቱ ነው። ዓይኑ እንዳይዞር፣ አንዱ ዓይን ማየት እንዳይረሳ በዋናነት የሚረዳው እሱ ነው። ከጥርስና ከውበት ጋር ያስቀመጠው ዝርዝር ሊከለስ ይገባዋል፤ ሁሉንም በአንዴ መሸፈን ካልተቻለ ከ8 ዓመት በታች ካሉት ልጆች መጀመር ይቻላል።

እስከዚያው ቤተሰብ ሊያደርገው የሚችለው አለ። ለአንድ ልጅ ፕላስ መነጽር ከታዘዘ፣ ወይም ዓይኑ ከዞረ፣ ታናናሾቹ ምንም ባይታይባቸውም በጠብታ እንዲለኩ ይዟቸው መሄድ ነው፤ ምርመራው ፊደል ማወቅን ስለማይጠይቅ አንድ ዓመት የሞላው ሕፃንም ሊለካ ይችላል። ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ የልጁን የራስ ምታት ሰዓት፣ መጽሐፍ ሲይዝ የሚያደርገውን፣ ዓይኑ ሲዞር በስልክ የተነሳ ፎቶ ካለም ያንን መያዝ ይጠቅማል። ዓይን መዞሩ ክሊኒክ ውስጥ ላይታይ ስለሚችል ፎቶው ብዙ ነገር ይገልጻል።